ሄርካስል ዋሻና የአንድ ሳምንት የናሮውቦት ጉዞ፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ጥያቄ፦ የምንኖረው በርሚንግሃም ነው። በኦገስት ወር ከስቶን ከተማ 57 ጫማ ርዝመት ያለው ናሮውቦት (በካናል፣ ማለትም በሰው በተቆፈረ የውሃ መንገድ፣ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ) ለአንድ ሳምንት ተከራይተናል። ቅዳሜ ከሰዓት ተረክበን በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት እንመልሳለን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ9 እና የ12 ዓመት ልጆቻችን፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የመጡት የ68 ዓመት እናታችን ነን። ፎር ካውንቲስ ሪንግ የሚባለውን ዙር ለመጨረስ አስበን ነበር፤ መንገዱ ላይ ያለው የሄርካስል ዋሻ ግን አስፈራን። ዙሩ በሳምንት ያልቃል? ዋሻው እንዴት ነው የሚታለፈው? ዋሻ የሌለበት መንገድስ አለ? እናታችን ደግሞ ጀልባው ላይ በከሰል ቡና ማፍላት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል።

መልስ፦ ከፍርሃቱ ልጀምር። ሄርካስል 2,675 ሜትር ነው፤ ለማለፍ 40 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በሁለቱም አፉ ላይ ጠባቂዎች አሉ፤ ጀልባ የሚያስገቡት በአንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ ውስጥ ከፊት ለፊት የሚመጣባችሁ የለም። የሚገባውንና የሚወጣውን ጀልባ ይመዘግባሉ። ለጀማሪ ይህን ያህል ጥበቃ የሚደረግበት ረጅም ዋሻ በእንግሊዝ ካናሎች ላይ ብዙ አይገኝም። ጉዟችሁን ሊያበላሽባችሁ የሚችለው ዋሻው ሳይሆን የሎኮቹ ብዛት ነው። መንገድ ስትመርጡ ሰዓት ቁጠሩ።

ሎክ ማለት በበሮች መካከል ያለ ክፍል ነው፤ ውሃ እየሞላ ወይም እየጎደለ ጀልባን ከአንዱ የካናል ከፍታ ወደ ሌላው ያሻግራል። በሮቹን የሚገፋውም፣ የውሃ መልቀቂያውን ዊንድለስ በሚባለው የብረት እጀታ የሚያዞረውም ተሳፋሪው ራሱ ነው። ለአንድ ሎክ 15 ደቂቃ ያዙ። የካናሉ የፍጥነት ገደብ በሰዓት 4 ማይል ነው። ነገር ግን የታሰሩ ጀልባዎች አጠገብ ማዝገም፣ መታጠፊያ ላይ መቀነስ፣ ጠባብ ድልድይ ላይ ቅድሚያ መስጠት ስላለ፣ በተግባር በሰዓት የምትሄዱት 3 ማይል ነው። ፎር ካውንቲስ ሪንግ ወደ 110 ማይልና 94 ሎክ አለው። ለማይሉ 37 ሰዓት ገደማ፣ ለሎኩ 23 ሰዓት ተኩል፣ በድምሩ 60 ሰዓት መሆኑ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ርክክቡና ትምህርቱ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ሙሉ ቀን ብላችሁ የምትቆጥሩት ከእሑድ እስከ ዓርብ ያሉትን 6 ቀናት ብቻ ነው። በቀን 10 ሰዓት ደረሰ ማለት ነው። ውሃ መሙላት (በአንድ ጊዜ ከ30 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት)፣ የሎክ ወረፋና ምሳ ገና አልተቆጠሩም።

አራት ጠንካራ ጎልማሶች ያሉበት ጀልባ ዙሩን በሳምንት ይጨርሰዋል። እናንተ ጋ ግን ለሎክ የሚሆኑት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱም አንዱ ምንጊዜም መሪው ላይ መቆም አለበት። ስለዚህ 94ቱንም ሎክ የሚሠራው በየተራ አንድ ሰው ነው። የ12 ዓመት ልጅ በር በመግፋት በደንብ ያግዛል፤ ዊንድለስ ግን ብቻውን አይሰጠውም፣ ከእጅ ካመለጠ ክንድ ይሰብራልና። ከዋሻው ሰሜን ወደ ቼሻየር ሜዳ የሚወርደው፣ ጀልበኞች ሃርትብሬክ ሂል (ልብ ሰባሪው ዳገት) የሚሉት ክፍል፣ በ7 ማይል ውስጥ 26 ሎክ አለው። እሱ ብቻውን 9 ሰዓት ይበላል። ኦድለም ላይ ደግሞ 15 ሎክ ተከታትሎ ይጠብቃችኋል። ሽማግሌና ሕፃን ይዞ ይህን ማድረግ ሽርሽር አይባልም። ዙሩን ተዉት።

ዋሻውን ግን አትተዉት። እኔ የምመክራችሁ ከስቶን ወደ ሰሜን ወጥታችሁ፣ ሄርካስልን አልፋችሁ፣ በማክልስፊልድ ካናል እስከ ኮንግልተን ሄዳችሁ በዚያው መንገድ እንድትመለሱ ነው። በአንድ አቅጣጫ ወደ 22 ማይልና 15 ሎክ ነው፤ በላይኛው ስሌት 11 ሰዓት። ደርሶ መልስ 22 ሰዓት ስለሆነ በአማካይ በቀን ከ4 ሰዓት አይበልጥም። ተመሳሳይ መንገድ መመለስ የሚሰለች ይመስላል፤ በካናል ላይ ግን መውጣትና መውረድ የተለያዩ ናቸው፣ ሎኩም ሲወጣና ሲወረድ ሥራው ይለያያል።

ቀኑን እንዲህ ብትከፍሉት ይመቻል። እሑድ የስቶንን 4 እና የሜፎርድን 4 ሎክ ወጥታችሁ ባርላስተን ላይ እደሩ። ከሦስት ሰዓት ተኩል አይበልጥም፤ እጃችሁ ሎኩን የሚለምደው በዚህ ቀን ነው። ሰኞ አንድ የትሬንታም ሎክና የስቶክን 5 ሎኮች ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ኤትሩሪያን አልፋችሁ፣ በአሮጌዎቹ የሸክላ ፋብሪካዎች መካከል ተጉዛችሁ ዌስትፖርት ሐይቅ አጠገብ ታስራላችሁ። ከዚያ እስከ ዋሻው ደቡብ አፍ አጭር መንገድ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ዋሻው ሲከፈት ገብታችሁ ከሰዓት በኋላ ኮንግልተን ናችሁ። ረቡዕ ረፍት፣ ገበያና ጀልባ ማዞር፤ ከሰዓት በኋላ ቀስ እያላችሁ በዋሻው ሰሜን አፍ ወዳለችው ኪድስግሮቭ ተጠጉ። ሐሙስ ጠዋት ዋሻውን መልሳችሁ እለፉ፣ የስቶክን ሎኮች ወርዳችሁ ባርላስተን እደሩ። ዓርብ የቀራችሁ 8 ሎክ ብቻ ነው።

የመመለሻውን ማለፊያ ሐሙስ ያደረግሁት በምክንያት ነው። ዋሻው ለጥገና ወይም ውስጥ ለቆመ ጀልባ ሲባል ለግማሽ ቀን ሊዘጋ ይችላል። ዓርብ ከሰዓት በተሳሳተው ጎን ከተገኛችሁ ጀልባውን በሰዓቱ ማስረከብ አትችሉም፤ ሌላ መንገድ በቀናት የሚቆጠር ዙር ነው። ዙሩን ለመሞከር የጸና ሰው እንኳ ካለ ከስቶን መጀመሪያ ወደ ሰሜን እንዲሄድ የምነግረው ለዚሁ ነው፤ ዋሻው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ላይ ይውላል፣ ከተዘጋም ተመልሶ ሌላ መንገድ ለመያዝ ጊዜ አለው። በተቃራኒው የዞረ ሰው ዋሻው የሚደርስበት ሳምንቱ ሲያልቅ ነው።

ኪድስግሮቭ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ማክልስፊልድ ካናል ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚሄድ ስለሆነ መገንጠያውን በቀኝ ትጠብቃላችሁ። ከዋሻው እንደወጣችሁ ግን መገንጠያው በግራ ነው ያለው፤ አዲሱ ካናል በግራ ወጥቶ ከዋናው ጎን ለጎን ይሄድና ዋናው በሎኮች ዝቅ ሲልለት በድልድይ ከላዩ ተሻግሮ ወደ ቀኝ ይዞራል። ይህን የማያውቅ ሰው ሎክ ውስጥ ገብቶ ነው መሳሳቱን የሚረዳው። ማክልስፊልድ ካናል ላይ ከገባችሁ በኋላ በሆል ግሪን አንድ በጣም ትንሽ ሎክ አለች፤ ከዚያ እስከ ኮንግልተን ሎክ የለም። ልጆቹን የድንጋይ ድልድዮቹን አሳዩአቸው፤ የእግር መንገዱ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው በሚሻገርባቸው ቦታዎች ድልድዩ ተጠማዝዞ የተሠራው፣ ጀልባ ጎታቹ ፈረስ ገመዱ ሳይፈታለት እንዲሻገር ነው። ጉልበት ከተረፋችሁ ከኮንግልተን ወደፊት 12ቱን የቦዝሊ ሎኮች ወጥታችሁ እስከ ማክልስፊልድ ከተማ መድረስ ይቻላል፤ ያኔ አጠቃላዩ ወደ 35 ሰዓት ይጠጋል፣ የረፍት ቀናችሁም ይሄዳል።

57 ጫማ (17.4 ሜትር ገደማ) ጀልባ የትም ቦታ አይዞርም። ካናሉ ሰፋ ተደርጎ የተቆፈረበት ማዞሪያ ያስፈልጋል፤ ካርታው ላይ በምልክት ይታያል፣ አንዳንዱም ስንት ጫማ እንደሚያዞር ተጽፎበታል። ከመነሳታችሁ በፊት ኮንግልተን አካባቢ ለእናንተ ርዝመት የሚሆነውን ፈልጋችሁ አስምሩበት፣ ከእሱ በፊት ያለውንም እንደዚያው። አንዱ በታሰሩ ጀልባዎች ቢያዝ ሌላው ይኖራችኋል።

ዋሻ ጨርሶ የሌለበትን መንገድ ካላችሁ፣ ከስቶን ወደ ደቡብ ወርዳችሁ በግሬት ሄይዉድ በኩል እስከ ፍራድሊ መሄድ ነው። ወደ 22 ማይልና ወደ 10 የሚሆኑ ሎኮች፣ ይህም በአንድ አቅጣጫ 10 ሰዓት ገደማ ነው። ግሬት ሄይዉድ ላይ ወደ ስታፎርድሻየርና ዉስተርሻየር ካናል ትንሽ ገባ ብትሉ ቲክሶል ዋይድ የሚባለውን፣ ካናሉ እንደ ሐይቅ የሰፋበትን ቦታ ታገኛላችሁ፤ ለእናታችሁ ከዚህ የበለጠ የማደሪያ ቦታ አላውቅም። በዚህ መንገድ አርሚቴጅ ላይ የድሮ ዋሻ ነበረ፤ ከሥሩ በነበረው የከሰል ማዕድን ቁፋሮ መሬቱ ስለሰመጠ በ1971 ጣሪያው ተነሥቶ ዛሬ ክፍት ነው። ስፋቱ ግን ለአንድ ጀልባ ብቻ ነው። አንድ ሰው ቀድሞ በእግር ይሄድና ከወዲያ የሚመጣ አለመኖሩን አይቶ እጁን ያነሣል፤ ያን ጊዜ ትገባላችሁ።

አሁን ወደ ሄርካስል።

ዝግጅቱ የሚጀምረው በዋዜማው፣ ዌስትፖርት ሐይቅ ላይ ነው። በስቶክ ከተማ ውስጥ ስታልፉ ፌስታል፣ ሽቦ፣ አሮጌ ልብስ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል። ምልክቱ ሞተሩ ሲያቃስት፣ ጀልባው ሲንቀጠቀጥ፣ ከወትሮው የጠቆረ ጭስ ሲወጣና ፍጥነት ሲቀንስ ነው። ይህን ይዛችሁ ዋሻ ከገባችሁ መሐል ላይ ሞተሩ ሊግል ወይም ሊቆም ይችላል። ስለዚህ ባይሰማችሁም ክፈቱና እዩ። ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። በኋለኛው ወለል ሥር ያለውን የፕሮፔለር መፈተሻ ክዳን ክፈቱ፣ ወፍራም ጓንት አድርጋችሁ በእጅ ዳስሱ፣ የተጠመጠመውን እንደ ዳቦ ቢላ ባለ ጥርሳም ቢላ ቁረጡ። ከዚያ ክዳኑን መልሳችሁ እስከ መጨረሻው አጥብቁት። ጀልባው እንደታሰረ ሞተሩን አስነሡ፣ ለአፍታ ወደፊት ማርሽ አስገቡና በክዳኑ ዙሪያ ውሃ ይገባ እንደሆነ በባትሪ እዩ። በዚህ ክዳን ላይ አጥብቄ የምናገረው፣ ላልቶ ከቀረ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ውሃውን እየረጨ የሞተሩን ክፍል ስለሚሞላው ነው። ናሮውቦት ከሚሰምጥባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው።

ሲመሽ የፊት ፓውዛውን አብርታችሁ አነጣጥሩት። ቀጥ ብሎ ውሃው ላይ ካረፈ ለእናንተ የሚያሳየው ጥቂት ነው። ብርሃኑ ከ20 እስከ 30 ሜትር ፊት ለፊት፣ ከፍ ብሎ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ይሁን፤ ጣሪያውና የቀኙ ግድግዳ ይታያችኋል፤ ከፊት ጀልባ በሚመጣባቸው ሌሎች ዋሻዎችም የሰውን ዓይን አያጠፋም። ጣሪያ ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱ፦ ብስክሌት፣ ጃንጥላ፣ የአበባ ማሰሮ፣ የቴሌቪዥን አንቴና፣ የምድጃው ጭስ ማውጫ። በዋሻው መሐል ጣሪያው ዝቅ ይላል፣ አፉ ላይ የከፍታ መለኪያ የተሰቀለውም ለዚህ ነው። በጎን የተንጠለጠሉትን መከላከያ ጎማዎችም አንሡ፤ ግድግዳ ላይ ይያዛሉ፣ ጠባብ ሎክ ውስጥም ጀልባውን ይቀረቅራሉ።

ጠዋት የመክፈቻውን ሰዓት ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ከሚያወጣው ማስታወቂያ አረጋግጡ። ካናሎቹን ከ2012 ጀምሮ የሚያስተዳድረው እሱ ነው፤ ሰዓቱ ከወቅት ወቅት ይለያያል፣ የመጨረሻው መግቢያም ብዙዎች ከሚገምቱት ቀደም ይላል። በጋ ላይ ውሃ ሲያንስ አንዳንድ ካናሎች ሊዘጉ ስለሚችሉ፣ ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት ማክልስፊልድ ካናልን በስሙ ፈልጉ። አፉ ላይ ስትደርሱ በመጠበቂያው ቦታ እሰሩና ጠባቂው እስኪመጣ ጠብቁ። ከፍታችሁን ያያል፣ ክላክሳችሁንና ፓውዛችሁን ያስፈትሻል፣ ሞተር ቢቆም ወይም ሰው ቢጎዳ በክላክስ የምትሰጡትን ምልክት ይነግራችኋል። ያን ምልክት ልጆቹም ይስሙት። በመስመር የምትገቡት ከሌሎች ጀልባዎች ጋር ነው።

ከመግባታችሁ በፊት የጋዝ ምድጃው ይጥፋ፣ ሲጋራም ሆነ ሻማ አይኑር። ሁሉም ላይፍ ጃኬቱን ይልበስ። እናታችሁና ልጆቹ ውስጥ ይቀመጡ፣ እጅና ራስ በመስኮት አይውጣ፣ በጀልባው ጠርዝ ላይ ማንም አይራመድ። ከመሪ ያዡ ጋር ሁለተኛው ጎልማሳ ከኋላ ይቁም፤ ባትሪ በእጁ፣ የዝናብ ካፖርት በላዩ፣ ጣሪያው ያንጠባጥባልና። የቤቱን መብራቶች በሙሉ አብሩ፣ መጋረጃዎቹን ክፈቱ፤ ከመስኮቶቹ የሚወጣው ብርሃን ግራና ቀኝ ግድግዳውን እያሳየ ርቀቱን ያስለካችኋል። የኋለኛው በር ግን ይዘጋ፦ የውስጡ መብራት የመሪ ያዡን ዓይን እንዳያጠፋ፣ የሞተሩም ጭስ ወደ ውስጥ እንዳይገባ። ጥቁር መነጽር የለበሰ ሰው አፉ ላይ ሳይደርስ ያውልቅ። ጠባቂው ሲያስገባችሁ ከፊት ያለው ጀልባ ቢያንስ 150 ሜትር ይራቅ።

መሪው ላይ ያለው ችግር የሚጀምረው የመጀመሪያዎቹ 100 ሜትሮች ላይ ነው። ዓይን ጨለማውን ሳይለምድ ሰው ይደነግጣል፤ ከደነገጠም የቀረበውን ግድግዳ ትክ ብሎ ያያል፤ ሰው ደግሞ ወደሚያየው ነው የሚነዳው። ከፊት ያለውን የፓውዛ ብርሃን ክብ እዩ፣ የጀልባው አፍንጫ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል መሆኑን ብቻ ተከታተሉ። የመሪው ዘንግ ወደ ግራ ሲገፋ አፍንጫው ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ ጀልባው የሚዞረው ከወገቡ ላይ ስለሆነ ያን ጊዜ ኋላው ወደ ግራ ይወጣል። ዘንጉን አንድ መዳፍ ያህል ብቻ ግፉ፣ ሁለት ሦስት ሰከንድ ጠብቁ፣ ወደ መሐል መልሱ። 15 ቶን የሚያልፍ ብረት ለትእዛዙ የሚዘገይ ነው። የዘገየ መስሎት ጨምሮ የገፋ ሰው አፍንጫውን ከአንዱ ግድግዳ፣ ኋላውን ከሌላው እያላተመ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይሄዳል።

ግድግዳውን መንካታችሁ አይቀርም፤ የታችኛው የብረት ጠርዝ ቢፋቅ ጉዳት የለውም። የሚያሰጋው ላይኛው ነው። የዋሻው ጣሪያ ቅስት ስለሆነ ወደ ላይ ሲወጣ ይጠባል፤ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ሲጠጋ የቤቱ ጣሪያ ጠርዝና የመሪ ያዡ ራስ ከጡቡ ጋር ይቀራረባሉ። መሪ ያዡ መሐል ይቁም፣ ዝቅ በሚለው ክፍል ጉልበቱን አጥፎ ይንበርከክ። ወፍራም ቆብ ይልበስ። ጀልባው ወደ ግድግዳው ተስቦ አልላቀቅ ካለ ነዳጅ አትጨምሩ። በጀልባውና በግድግዳው መካከል የሚሮጠው ውሃ ግፊቱ ስለሚቀንስ ነው የሚስበው፤ ፍጥነት ስትጨምሩ መሳቡ ይብሳል። ቀንሱ፣ አፍንጫውን በቀስታ አርቁ። ሙሉ በሙሉ ፎሌ ላይ ግን አታድርጉት፤ ፕሮፔለሩ ውሃ ካልገፋ መሪው አይታዘዝም። የኋላ ማርሽም ኋላውን ወደ ጎን ይጥለዋል፣ ለማቆም ካልሆነ አትጠቀሙበት።

ቸኩሎ መውጣትም አይቻልም። ዋሻው ጠባብ ስለሆነ ጀልባው ውሃውን ከፊቱ ይገፋዋል፣ በጎኑ የሚመለስበት ቦታ ጥቂት ነው። ነዳጅ ሲጨመር ድምፁና ጭሱ ይበዛል፣ ኋላው ወደ ውሃው ይቀመጣል፣ ፍጥነቱ ያው ነው። 40 ደቂቃውን ተቀበሉት። ውሃው የዛገ ብረት ቀለም አለው፤ ከድንጋዩ የሚወጣው ብረት ነው፣ ብልሽት አይደለም። በደቡቡ አፍ ትልልቅ የአየር ማውጫ ማራገቢያዎች አሉ፤ ጀልባዎች ሲገቡ በሩ ይዘጋና ማራገቢያዎቹ የሞተሩን ጭስ ይስባሉ። ጠባቂዎቹ በሩን ስለሚዘጉት ልጆቹ እንዳይደነግጡ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። አፉ አጠገብ የሚታየው ሌላ የተዘጋ ቀዳዳ ጄምስ ብሪንድሊ የጀመረው፣ በ1777 ያለቀው የመጀመሪያው ዋሻ ነው። ፈረስ የሚሄድበት መንገድ ስላልነበረው ሰዎች በጀርባቸው ተኝተው በእግራቸው ግድግዳውን እየረገጡ ነበር ጀልባውን የሚያሳልፉት። እሱን ለመጨረስ 11 ዓመት ፈጀ፤ እናንተ የምትሄዱበትን የቶማስ ቴልፎርድን ዋሻ በ1827 ለመጨረስ ግን 3 ዓመት በቃ።

ሞተሩ ከቆመ፦ ማርሹን ፎሌ ላይ አድርጉ፣ ፓውዛው እንደበራ ይቆይ፣ ጠባቂው የነገራችሁን የክላክስ ምልክት ስጡ፣ ሁለተኛው ሰው ከኋላ ለሚመጣው ጀልባ ባትሪውን ያወዛውዝ። አንድ ጊዜ ለማስነሣት ሞክሩ። ካልሆነ ጀልባው ላይ በሚቀመጠው ረጅም የመግፊያ ምሰሶ ግድግዳውን እየገፋችሁ ወደፊት መሄድ ይቻላል፤ ጣሪያውን አትግፉ፣ በእጅም በእግርም ግድግዳ አትግፉ። በጀልባና በጡብ መካከል የገባ እግር ይደቅቃል። ስልክ ላይሠራ ይችላል፤ ጠባቂዎቹ ግን መውጣት የነበረበት ጀልባ አለመውጣቱን ከመዝገባቸው ያውቃሉ።

ሌላ ጊዜ ሌላ ካናል ላይ ብትሄዱ የየዋሻው ሥርዓት የተለያየ መሆኑን እወቁ። ግራንድ ዩኒየን ላይ ያሉት ብሊስዎርዝ (2,813 ሜትር) እና ብራውንስተን (1,867 ሜትር) ሁለት ናሮውቦት ያሳልፋሉ። እዚያ ከፊት መብራት ሲመጣ ቀኛችሁን ያዙ፣ ቀንሱ፣ ሳታቆሙ ተላለፉ። ብራውንስተን ውስጥ ሠራተኞቹ ሲቆፍሩ መስመሩን ስለሳቱ መጠማዘዣ አለ፤ መብራቱ ድንገት ይታያችኋል። ትሬንት ኤንድ መርሲ (ስቶንና ሄርካስል ያሉበት ካናል) ሰሜን ጫፍ ያለው ፕሬስተን ብሩክ በሰዓት ነው የሚገባበት፦ ለእያንዳንዱ አቅጣጫ በየሰዓቱ ጥቂት ደቂቃ ብቻ፣ ሰሌዳው አፉ ላይ ተለጥፏል። ፎልሪጅ በትራፊክ መብራት ይሠራል። ለንደን ውስጥ ያለው ኢዝሊንግተን ቀጥ ያለ ስለሆነ አፉ ላይ ቆማችሁ እስከ ማዶ ታያላችሁ፤ ውስጥ መብራት ካለ ትጠብቃላችሁ። ደድሊ በናፍጣ ሞተር አይገባም፣ አየር ማስገቢያው አይበቃምና። የሁሉም ረጅሙ ስታንደጅ ደግሞ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቀን ተይዞ፣ የትረስቱ ሰው አብሮ ተሳፍሮ ነው የሚታለፈው።

የእናታችሁ ጥያቄ ቀረ። ከሰል ጀልባው ውስጥ አይያዝ፣ በምንም መልኩ። ናሮውቦት 2 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው የብረት ሣጥን ነው። የከሰል ጭስ እዚህ ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ነው፣ ተኝቶ ሳለ የጀመረው ሰው ላይነቃ ይችላል። ጀልባው ላይ የተገጠመውን የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ስትረከቡ ቁልፉን ተጭናችሁ ድምፁን አረጋግጡ። ለዕጣኑም ፍም ያስፈልጋልና እሱም ይቅር።

ቡናው ግን ይፈላል። በጋዝ ምድጃው ላይ፣ ጀልባው ታስሮ፣ መስኮትና የጣሪያው መክፈቻ ተከፍቶ ይቆላ፤ ጭሱ የእሳት ማስጠንቀቂያውን እንዳያስጮኸው ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ይቁሉት። ጀበናውን በቀጥታ ከነበልባሉ ላይ ከማስቀመጥ በመሐል ቀጭን የብረት ሰሌዳ ብታስገቡ ሙቀቱ እኩል ይዳረሳል፣ ሸክላውም አይሰነጠቅም። ሎክ ውስጥ ውሃ ሲለቀቅ ጀልባው በድንገት ወደፊትና ወደኋላ ይሳባል፤ ጠረጴዛ ላይ ያለ ሁሉ ይወድቃል። ሎክ ሲታይ ምድጃው ይጥፋ፣ ጀበናውና ሲኒዎቹ በፎጣ ተጠቅልለው ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ይቀመጡ።